ለልብስ ሰፊ የታዘዘ ፍሪሲዮን

ጡረታ የወጣሁት ወገቤ ቀድሞኝ ነው። እኔ ገና «ልውጣ አልውጣ» እያልኩ ሳመነታ፣ እሱ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ቡካ ውስጥ፣ ከአንድ ሚኒባስ ሆድ ሥር፣ ቀጥ ብሎ ቀረ። ቡካ የምንለው መካኒክ ገብቶ መኪናን ከሥር የሚያይበት ጉድጓድ ነው። ላሊበላ ውስጥ ጉድጓድ መፈልፈል ለቅዱሳን ብቻ የተፈቀደ የሚመስላቸው እንግዶች የኔን ሲያዩ ይስቁ ነበር። ያን ቀን ሁለት ሰዎች በብብቴ ይዘው ጎትተው አወጡኝ። ቁልፎቼን በዘይት ጨርቅ ጠቅልዬ አልጋ ሥር ከተትኳቸውና የተከበርኩ ሽማግሌ ሆንኩ። የተከበረ ማለት ማንም ምንም የማይጠይቀው ማለት እንደሆነ ያወቅሁት ያኔ ነው።

ሁለት ዓመት እንዲህ ከተከበርኩ በኋላ፣ ባለፈው መስከረም፣ ከምሳ በኋላ፣ ከቤቴ በታች ካለው መንገድ አንድ ድምፅ መጣ። የመኪና ነው እንዳልል ያፏጫል፤ የፉጨት ነው እንዳልል ያጉረመርማል። ሚስቴ አለሚቱ ከምትለቅመው ምስር ቀና አለች።

«ደሳለ፣ ይሄ የሚያፏጨው የአንተ ጆሮ ነው የውጭ ነገር?»

«የኔ ጆሮ ቢሆን አንቺ እንዴት ትሰሚዋለሽ?»

«አርባ ዓመት አብሬህ ኖሬ ምን የማልሰማው አለ!»

መኪናዋ በራችን ላይ ቆመች። ግራጫ፣ ዝቅ ያለች፣ ሆዷ ከመሬት አንድ ስንዝር የማይርቅ የቤት መኪና። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የማውቃት መኪና ወይ እህል ትጭናለች ወይ ሰው ትጭናለች፤ ይህች የጫነችው ኩራቷን ብቻ ነው። ከውስጧ ሠላሳን የተሻገረ ረዘም ያለ ሰው ወጣ። ባርኔጣውን አውልቆ ትከሻዬን ሳመኝ።

«አያ ደሳለ፣ አላወቁኝም መሰለኝ። ሲሳይ ነኝ። የይመር ልጅ።»

ተቀምጬ ነበር፤ ግን እንደገና የተቀመጥኩ መሰለኝ። ይመርን የጎዳሁት እኔ ነኝ። ሾፌር ሆኖ የወጣውን ዳገት እግሩን ጎድቶ የወረደው በኔ እጅ ሥራ ነው። ልጁ ይህን ይወቅ አይወቅ አላውቅም። ፊቱን ባየው ምንም አይልም። ትሕትናው ራሱ አስፈራኝ፤ የሚያውቅ ሰው ትሕትና ይሁን የማያውቅ ሰው ትሕትና መለየት አቃተኝ።

ጉዳዩን ነገረኝ። አዲስ አበባ ብዙ ዓመት ሠርቶ መመለሱ ነው። መኪናዋን የገዛው ሞተሯ ላይ ትልቅ ቱርቦ ካስገጠመና ኮምፒውተሯን ካስቀየረ ሰው ነው። ቱርቦ ማለት ለሞተር አየር የሚያጎርስ ማራገቢያ ነው፤ ፉጨቱም የሱ ነበር።

«ታዲያ ምን ሆነች?»

«ፍሪሲዮኑ አይይዝም። አራተኛ ማርሽ ላይ ነዳጅ ስሰጣት ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን ባለችበት ናት።»

«ሽታስ?»

«የተቃጠለ ቆዳ።»

እስከዚህ ድረስ ዕውቀቴ ቦታው ላይ ነበር። ፍሪሲዮን ማለት በሞተርና በጎማ መሃል ያለ መጨባበጥ ነው። ሞተሩ ጫፍ ላይ ቮላኖ የሚባል ከባድ የብረት ጎማ ይሽከረከራል፤ ዲስኩ እሱ ላይ በስፕሪንግ ኃይል ተጭኖ ይይዛል፤ ፔዳሉን ስትረግጥ እጁን ይለቃል። ሞተሩ ከልክ በላይ ከጎለመሰ መጨባበጡ ይንሸራተታል፣ ይግላል፣ ይሸታል። የሲሳይ መኪና ሕመም ይኸው ነው። መድኃኒቱም የበረታ ፍሪሲዮን።

«ለመቼ ነው?» አልኩት።

«ጥር ላይ የአባቴ ሙት ዓመት ነው። እናቴን ከታች ከመንደር ዳገቱን ይዣት ልወጣ ነው።»

እናቱ ወይዘሮ ጥሩነሽ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ፣ ሜዳው ላይ ትኖራለች። ባሏ በተጎዳበት ቀን ከጎኑ ጋቢና ነበረች። ከዚያ ወዲህ መኪና ላይ ተቀምጣ አታውቅም፤ ቤተ ክርስቲያን ለመሳም ያንን ሁሉ ዳገት በእግሯ ነው የምትወጣው። አሁን ጉልበቷ ከድቷታል። «ከወጣሁ በልጄ መኪና እወጣለሁ፤ በሌላ ሰው ግን በቃሬዛም አልወጣ» ብላለች። ካልወጣች የባሏ ሙት ዓመት ያለሷ ሊሆን ነው።

«መካኒኩ ብዙ ነው» አልኩት። «እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ።»

«እርስዎ እንዲመርጡልኝ ነው የመጣሁት» አለና ስልኩን አውጥቶ ሥዕል ያሳየኝ ጀመር።

ግራ መጋባቴ በይፋ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። በኔ ዘመን ፍሪሲዮን ሁለት ዓይነት ነበር፤ የተገኘና ያልተገኘ። የሲሳይ ስልክ ውስጥ ግን ደረጃ አንድ አለ፣ ደረጃ ሁለት አለ፣ እስከ አምስት ይወጣል፤ የትምህርት ቤት ነው የሚመስለው። ሙሉ ክብ ሽፋን ያለው አለ። እንደ አበባ ስድስት ቅጠል ብቻ ያለው፣ ቅጠሉም ብረት የሆነ አለ። መሃሉ ላይ ስፕሪንግ ያለው አለ፣ የሌለው አለ። ሁለት ዲስክ የተደራረበበትም አለ። በየሥሩ ቁጥር ተጽፏል።

«የፈረስ ጉልበቷ ስንት ነው?» አልኩት እንደሚያውቅ ሰው።

ነገረኝ። በጥምቀት ቀን እንኳ ያን ያህል ፈረስ ላሊበላ ላይ ተሰብስቦ አያውቅም።

«እኔ ይሄን ስድስት ቅጠሉን ነው ያሰብኩት» አለ። «ከሁሉም የሚይዘው እሱ ነው ይላሉ። ቮላኖውንም በቀላል ልቀይረው።»

«ሦስት ቀን ስጠኝ» አልኩት። ሦስት ቀን የሚጠይቅ መካኒክ ወይ ሊቅ ነው ወይ የጠፋበት ነው። አለሚቱ የትኛው እንደሆንኩ ወዲያው አውቃ ወደ ምስሯ ተመለሰች።

ሥራውን ያስተማረኝ ወልድያ ላይ ጋራዥ የነበራቸው ጋሽ እንድሪስ ናቸው። ቀጭን፣ ጢማቸውን በሒና ያቀሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሰው ነበሩ። የፍሪሲዮን ዲስክ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና ሁለት ጊዜ ይታጠባሉ። ዲስኩን እንደ ትሪ በጫፍ በጫፉ ነው የሚይዙት። «የዲስኩ ሸራ ቅባት አይወድም፤ አንድ ጠብታ ዘይት ከነካው የያዘ መስሎ ይከዳል» ይሉ ነበር።

መኪና «ፍሪሲዮኗ አመመኝ» ብላ ስትመጣ ሥርዓት ነበራቸው። መጀመሪያ ከሞተሩና ከማርሽ ሣጥኑ ከካምቢዮው መጋጠሚያ ሥር ባለችው ቀዳዳ ጣታቸውን ሰደው ዘይት ይኑር አይኑር ይዳስሳሉ። ቀጥሎ ዓይናቸውን ጨፍነው ያሸታሉ። በመጨረሻ ሾፌሩን «ግራ ጫማህን ስጠኝ» ይሉና ገልብጠው ሶሉን ያዩታል። ግራ እግሩን ፔዳሉ ላይ ጥሎ የሚነዳ ሾፌር ሶሉ አውራ ጣቱ ሥር ይበላል፤ ያ ሰው ምንም ዓይነት ፍሪሲዮን ብትሰጠው ያቃጥለዋል። ጣት፣ አፍንጫ፣ ጫማ። ሁልጊዜ በዚህ ተራ።

አንድ ቀን ጫማውን አስቀድሜ ተቀበልኩ። ከእጄ ነጥቀው ለሾፌሩ መለሱለት።

«ጫማ ምስክር ነው» አሉኝ። «ምስክር ሳይጠራ አይገባም።»

«ምን ለውጥ አለው ጋሽ እንድሪስ? ዞሮ ዞሮ እናየው የለ?»

«አብሽር፣ አንድ ቀን ይገባሃል። ብቻ በሰው ንብረት ላይ አይግባህ።»

ከወልድያ ወጥቼ ኮን ከተማ የአንድ መሥሪያ ቤት መካኒክ ሆንኩ። አለቃዬ ሦስት ፊርማ ሳይሟላ የመኪና ኮፈን የማያስከፍት ሰው ነበር። በዝናብ የተጀመረ ወረቀት ፊርማው ሳያልቅ ዝናቡ ያባራል። ደሞዙ ለአለሚቱ እየሳቅሁ የምነግራት ዓይነት ነበር። ከዚያ ፍላቂት። ፍላቂት ላይ ጠዋት ጠዋት ቁልፍ ከእጅ ጋር ይጣበቃል፤ ብርዱ ያንን ያህል ነው። የመንገዱ ሚኒባሶች ሁሉ እኔ ዘንድ ይቆሙ ነበር፤ የጋሽ እንድሪስን የጫማ ጥበብ ሾፌሮቹ ላይ አውጥቼ ስሜ ገነነ። «ጫማ አንባቢው» ይሉኛል። አንዲት እናት የልጇን እጮኛ ጫማ በፌስታል አምጥታ «ይሄ ሰው ምን ዓይነት ነው?» ብላኛለች። እኔ ሞኙ ደግሞ መለስኩላት! «ረጅም መንገድ ይወዳል፣ ቤት አይቀመጥም» አልኳት። ጋብቻው ፈረሰ። በኋላ ሰማሁ፣ ሰውየው ፖስተኛ ነበር።

ይህን ስም ተሸክሜ ነው ላሊበላ ገብቼ የራሴን ቡካ ያስቆፈርኩት። ይመር የመጣውም ያኔ ነው።

የኅዳር ማርያም ዕለት ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ መጣ። ፒክአፑ ዳገት ላይ እየተንሸራተተችበት ነው። የገና በዓል ደርሷል፣ ምዕመኑ ከየአገሩ ሊጎርፍ ነው፤ የዓመቱ እንጀራው ያ ሰሞን ነው። ጋራዡ ሰው ሞልቶበታል፤ ጫማ አንባቢው ሲያነብ ለማየት የመጣም አለ። እኔም ለተመልካቹ ብዬ ጣቴንም አፍንጫዬንም ተውኩና «ግራ ጫማህን አምጣ» አልኩ።

ጥቁር የላስቲክ ጫማ ነው፤ ያን ዘመን ግማሹ ከተማ የሚያደርገው። ገለበጥኩት። አውራ ጣቱ ሥር እስከ ሽፋኑ ተበልቷል።

«ይመር፣ አንተ ፍሪሲዮን ላይ ትተኛለህ» አልኩት በሰው ፊት።

«እኔ? በጭራሽ! እግሬ ከፔዳሉ ርቆ ነው የሚቀመጠው።»

«ጫማህ ይዋሻል?»

ሰዉ ሳቀ። ይመርም አብሮ ሳቀ፤ ምን ያድርግ። እኔም ፍሪሲዮን አዘዝኩለት፤ ከጭነት መኪና የተገኘ ጠንካራ ስፕሪንግ ያለው፣ ዲስኩ ላይ የብረት ሽፋን በእሳት የተጣበቀበት። ሐሳቤ፣ ፔዳሉ ከከበደው እግሩን ማሳረፍ ይተዋል ነው። ብረቱ ደግሞ ቢያሳርፍም አይቃጠልም። ብልሃት አልኩ። ስገጥመው እጄን አንዴ እንኳ አልታጠብኩም።

በገና ዋዜማ ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ከተማ በሚወጣው ዳገት፣ ሁለተኛው ጠመዝማዛ ላይ፣ ፊቱ ያለ አውቶቡስ ቆመ። ይመርም ቆመ። ሲነሳ ፍሪሲዮኑ መጀመሪያ ተንሸራተተ፤ ቀጥሎ በአንዴ ነከሰ። ሞተሩ ጠፋ። ሞተሩ ሲጠፋ ፍሬኑ ደነደነ። ቀኑን ሙሉ ያን ከባድ ፔዳል ሲረግጥ የዋለ ግራ እግሩ ይንቀጠቀጣል። መኪናዋ ወደ ኋላ ሄደች። ከኋላ አሥራ አንድ ሰው ተጭኗል፤ በቀኝ ገደል ነው። ይመር መሪውን ወደ ግራ ጠምዝዞ ተራራው ላይ ለጠፋት። ከኋላ የተጫኑት ሁሉ፣ ጋቢና የነበረችው ጥሩነሽም፣ ተርፈዋል። የጋቢናው ወለል ተጨማዶ ግራ እግሩን ከፔዳሎቹ ጋር ያዘው። ከዚያ ቀን በኋላ ይመር ያለ ምርኩዝ አልሄደም፤ መሪም አልጨበጠም።

ሦስተኛው ቀን ልጠይቀው ሄጄ አልጋው ጎን ተቀምጫለሁ። የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ገባ። በእጁ ጥቁር የላስቲክ ጫማ ይዟል።

«እግዜር ይማርህ ይመር። ይሄን እንኳ ልመልስልህ ብዬ፤ የማርያም ዕለት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ተቀያይረን ነበር፤ አንተ የኔን አድርገህ ሄደሃል።»

ልብስ ሰፊ! ቀኑን ሙሉ የስፌት ሲንጀሩን በግራ እግሩ የሚረግጥ ሰው! ይመር አየኝ። አየሁት። እኔ ፍሪሲዮን ያዘዝኩት ለስፌት ሲንጀር ኖሯል። ይመር «እሺ፣ እዚያ አስቀምጥልኝ» ብቻ አለ። እኔ ተነስቼ ወጣሁ።

ከዚህ የባሰም አለ፤ ይህን ደግሞ ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። የተሰባበረችውን ፒክአፕ ስፈታ ዲስኩ በዘይት ርሷል። ከሞተሩ ጀርባ ዘይቱን የምትይዘው የጎማ ማኅተም ታፈስ ነበር። ሕመሙ ከመጀመሪያውም እሱ ነው። አንድ ጣት፣ አንዲት ጣት ብሰድ ኖሮ አገኘው ነበር። ዲስኩን በጆንያ ጠቅልዬ ቀበርኩት። ጥበበኛ መካኒክ ማስረጃ ይቀብራል።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው በሦስተኛው ቀን ለሲሳይ «መኪናዋን ቡካ ላይ አቁማት» ያለው። ቡካውን የተከራየውን መካኒክ «ለአንድ ቀን ልቀቅልኝ» ብዬ ገባሁ። ወገቤ ተቃወመ፤ አልሰማሁትም። እጄን በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጠብኩ። ጣቴን ሰደድኩ፤ ደረቅ። ደግሜ ሰደድኩ፤ ደረቅ። ሲሳይን ጠርቼ ጣቱን አሰደድኩት።

«ምንም የለም አያ ደሳለ።»

ምሳ ይዛ የመጣችውን አለሚቱን ሳይቀር ጣቷን ጠየቅኋት። «ሽንኩርት ሽንኩርት የሚሸት ዘይት ከሆነ የምትፈልገው አለልህ» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር ዘይት እንዲሆን ፈልጌ ነበር፤ ቢሆን ያመለጠኝን መልሼ የያዝኩት ይመስለኝ ነበር። አልሆነም። አሸተትኩ፤ ንጹሕ የተቃጠለ ሸራ። ከዚያ በኋላ፣ በተራው፣ «ግራ ጫማህን ስጠኝ» አልኩት።

ሳያቅማማ አውልቆ ሰጠኝ። ሶሉ ከሱቅ እንደወጣ ነው።

«አዲስ ነው?»

«ሁለት ዓመት አደረግሁት።»

ጭራሽ ጠፋብኝ። ፍሪሲዮኑ ከሰል ሆኗል፤ ጫማው ግን ሙሽራ ነው። ምስክሩ ዲዳ ሆነብኝ። «ንዳኝ» አልኩትና ገባሁ፤ ገባሁ ከምል ወደቅሁ ብል ይሻላል፣ ወንበሯ መሬት ላይ ነው። ሲሳይ ከመነሳቱ በፊት ጎንበስ ብሎ ግራ ጫማውን አወለቀና ወንበሩ ሥር ሰደደው።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«አባቴ ነው ያስለመደኝ። መንዳት ያስተማረኝ ከጎኔ ተቀምጦ በምርኩዙ እየጠቆመ ነው። ‹ግራ እግርህ ባዶውን ይሁን፣ ፍሪሲዮኑን ይስማው› ይል ነበር።» ከንፈሩ ጫፍ ላይ ፈገግታ መጣ። «‹ደግሞም መካኒክ ጫማህን እንዳያነብ› ይላል።»

ተራራው ዞረብኝ። ያውቃል ማለት ነው። ምን ያህሉን? ከፊቱ ማንበብ እንደማልችል አወቅሁ፤ ማንበብ የሚባል ነገር እንደማይሆንልኝ መቼ አጣሁት። ስለዚህ አፌን ከፈትኩና ሁሉንም አወጣሁት፤ ጫማውን፣ ልብስ ሰፊውን፣ ዘይቱን፣ የቀበርኩትን ዲስክ። ወደ ፊት እያየ ሰማኝ።

«ዘይቱንም ያውቅ ነበር» አለ ስጨርስ። «ቁርጥራጩን የገዛው ሰው ሞተሩ ጀርባው እንደሚያፈስ ነግሮታል።»

«ታዲያ ለምን አልከሰሰኝም? ለምን አልሰደበኝም?»

«እኔ እንጃ። እኔም ጠይቄው ነበር። ‹ቢሰድቡት ይቀለዋል› አለኝ።»

ይመር! እኔን የሚበልጠኝ ተንኮለኛ ላስታ ላይ የለም ብዬ ስኩራራ ኖሬ!

«አንተስ ለምን እኔ ዘንድ መጣህ?»

«ሲታመም ነግሮኛል። ‹መኪና ከገዛህ ደሳለ ዘንድ ሂድ፤ እሱ በኛ ተምሯል። ሌላው ደግሞ ባንተ ይማራል›።»

ስለዚህ ምርጫው ይህ ነበር፤ ግራ እየተጋባሁም ቢሆን ያሰብኩትን ላስቀምጥ። ሲሳይን «ፈረሱን ተወውና ሞተሩ የሚጠመዝዝበትን ኃይል ንገረኝ» አልኩት፤ ፍሪሲዮን የሚሸከመው ፍጥነትን ሳይሆን ጥምዘዛን ነው። ከዚያ የሩብ ያህል የሚተርፍ አቅም ያለው ፈለግን። ስድስት ቅጠሉ ይይዛል፤ ውሸት አይደለም። ግን የሚያውቀው ሁለት ነገር ነው፤ መልቀቅና መንከስ። መሃል የለውም። የቱርቦ መኪና ደግሞ ጉልበቷ የሚመጣው ሞተሯ ፈጥኖ ሲሽከረከር ነው፤ ዳገት ላይ ከቆመችበት ስትነሳ ቱርቦው ገና እንቅልፍ ላይ ነው። በዚህ በኛ ቀጭን አየር ያን ሰዓት ከአህያ አትሻልም። እዚያ ላይ የሚነክስ ፍሪሲዮን ከሰጠሃት ሞተሩ ይጠፋል። ቮላኖውን በቀላል ከለወጥከው ደግሞ ይብሳል፤ ክብደቱ ነው መኪናዋ እስክትነሳ ሞተሩን ከመጥፋት የሚያቆየው።

«እናትህን የምታወጣው በየትኛው ጉልበት ነው?» አልኩት። «በጩኸቷ ነው በመነሻዋ?»

«በመነሻዋ» አለ።

ሙሉ ክብ የሆነ መደበኛ ሸራ፣ መሃሉ ስፕሪንግ ያለው፣ ስፕሪንጉ ከፋብሪካው ጠንከር ያለ ግን እግር የማይሰብር። ቮላኖው ከባዱ ይቆይ፤ ፊቱ ብቻ ይላግ። ኮምፒውተሯን የሚያውቀው ሰው ደግሞ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ የቱርቦውን ግፊት ይቀንስላት። ሲሳይ ይህን የመጨረሻውን ሲሰማ ፀጉሩን የላጩት መሰለ፤ ግን እሺ አለ። ፔዳሉን ከመወሰኔ በፊት በቡካው መካኒክ መኪና ላይ ተመሳሳይ ክብደት ያለውን አስረገጥኩት፤ ሃምሳ ጊዜ፣ በባዶ እግሩ። እግሩ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ ለማወቅ በእጄ ጉልበቱን ይዤ ነበር። ያላፊ አግዳሚውን ሳቅ ልተወው።

ዕቃው መጣ፤ የቡካው መካኒክ ለጥንቃቄ ማኅተሙንም ቀይሮ ገጠመ፣ እኔ ከላይ ሆኜ አቃሰትኩ። አዲስ ሸራ እስኪላመድ መታገሥ አለበት፤ ሲሳይ ለሳምንታት ያቺን የምታህል መኪና በከተማው ውስጥ እንደ ቄስ በቅሎ ነዳት። እንዳያፏጭ ከለከልኩት።

የሙት ዓመቱ ዕለት ጠዋት ስልክ ደወለ።

«አያ ደሳለ፣ እናቴ እርስዎ ካልመጡ አልገባም ብላለች።»

ባጃጅ ይዤ ወረድኩ። ወይዘሮ ጥሩነሽ ነጭ ለብሳ፣ ከመኪናዋ ሦስት እርምጃ ርቃ ቆማለች። ሰላምታዬን ተቀበለች፤ ያም ትልቅ ነገር ነው።

«ደሳለ፣ አንተ ነህ የመረጥከው?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ከኋላዬ ተቀመጥ። ወደ ኋላ ከሄድንም አንተ ትቅደም።»

ተቀመጥኩ። የኋላው ወንበር ለሰው አልተሠራም፤ ጉልበቴ አገጬ ላይ ነው። መውጣት ጀመርን። የመጀመሪያውን ጠመዝማዛ አለፍን። ሁለተኛው ላይ፣ ሌላ ቦታ ጠፍቶ፣ ገብስ የጫኑ አህዮች መንገዱን ዘግተው ቆመዋል። ነጂያቸው ጭነት ያጠብቃል። ሲሳይ ቆመ። በአፍንጫችን ልክ ሰማይ ነው። ገደሉ በቀኝ።

ወይዘሮ ጥሩነሽ በሩን በሁለት እጇ ይዛለች። እኔ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ጎንበስ ብዬ ግራ ጫማዬን አወለቅሁና ባዶ እግሬን ወለሉ ላይ ረገጥኩ፤ እዚያ ፔዳል ያለ ይመስል። ዘይት የለም፤ ዳስሻለሁ። ማኅተሙን ቀይረናል። ታጥቤያለሁ። ግን ታጥቤያለሁ? ቀኑን ተጠራጠርኩ። ቡካው ውስጥ የገባሁበትን ቀን እንኳ ተጠራጠርኩ።

አህዮቹ ተነሱ። ሲሳይ የእጅ ፍሬኑን እንደያዘ እግሩን ቀስ ብሎ አነሳ። እኔም አነሳሁ። መኪናዋ አንዴ ትንፋሿን ሰበሰበች፣ አፍንጫዋን ቀና አደረገች፣ ሄደች። ወደ ኋላ ጣት ታህል አልሄደችም።

ወይዘሮ ጥሩነሽ ጠመዝማዛው እስኪያልፍ ጠበቀች። ከዚያ በሩን ለቀቀች።

«ይኸው ነው?» አለች።

«ይኸው ነው እማ» አለ ሲሳይ።

«ለዚህ ነው ይሄን ሁሉ ዘመን በእግሬ ስወጣ የኖርኩት?» ወደ ኋላ ሳትዞር እጇን ወደ ኔ ዘረጋች። እጄን የፈለገች መስሎኝ ሰጠኋት፤ ያኔ መታችኝ። ከዚያ ያዘችኝ። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር አልለቀቀችም።

ጸሎቱ ተደርሶ፣ ዝክሩ ተበልቶ፣ ጠላውም በልክ ተጠጥቶ ከሰዓት ቤቴ ገባሁ። አለሚቱ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«የግራ ጫማህ የት ሄደ?»

ወደ ታች አየሁ። እውነትም አንድ እግሬ ባዶ ነው። ከመላው የሙት ዓመት ሕዝብ መካከል አንድ ጫማ አድርጌ መጥቼ ማንም አልነገረኝም፤ የተከበርኩ ሽማግሌ ነኝ አልኳችሁ። ያኔ ስልኩ ጮኸ። ሲሳይ ነው።

«አያ ደሳለ፣ ጫማዎ መኪናው ውስጥ ቀርቷል። የግራው። አሁን ላምጣልዎት?»

«ቆይ። መጀመሪያ ገልብጠው።»

«አቤት?»

«ሶሉን እየው። ምን ይላል?»

ከወዲያ እናቱ «ምን አለ?» ስትል ይሰማኛል።

«ፊቱ ደህና ነው አያ» አለ ቀስ ብሎ። «ተረከዙ ግን አልቋል። ወደ ኋላ ወደ ኋላ እንደሚል ሰው።»

«እንግዲያው የኔው ነው» አልኩት። «አልተቀየረም። አምጣልኝ።»